ትንሿ አረፈች

ቀያሹና ሚስቱ አራሚዋ ልጆቻቸው ከመወለዳቸው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ፊት ለፊት የተነጋገሩት በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ከአልትራሳውንድ ክፍሉ በር አጠገብ ነበር። መነጋገር ከተባለ። እሷ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ሰባት ወር ያልሞላ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋለች። እሱ ከመስክ በመጣበት ጭቃማ ጫማ አንድ ቦታ መቆም አቅቶት ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል» አላት። «ትንሿ አላደገችም። አሁን ከወጡ ሁለቱም ያልጠኑ ናቸው። ጥቂት ሳምንት ብንታገስ ግን ትልቋ ትጠነክራለች።»

«ትንሿስ?»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጭቃ በጣቱ ፋቀ።

«ትንሿስ ነው የምልህ!»

«ለአንዷ ብለን ሁለቱንም እንዳናጣ ነው የምፈራው።»

«አንዷ ሆዴ ውስጥ እስክትሞት ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። እግዚአብሔር ሁለት ነው የሰጠኝ። ሁለት ብዬ ነው የተቀበልኩት።»

«የአንቺ እግዚአብሔር ሒሳብ አያውቅም!»

ይህን እንዳለ ወዲያው ቆጨው። ይቅርታ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ነርሷ ሌላ ታካሚ ጠርታ በመካከላቸው አለፈች፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይቅርታው ሳይባል ቀረ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የሚዋደዱ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደፊት በምነግራችሁ ነገር እንዳትጠራጠሩ ነው። እሱ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ መንገድ በሌለበት ሸለቆ እየዞረ መንገዱ በየት በየት እንደሚያልፍ ይለካል። እሷ የማተሚያ ቤት አራሚ ናት፤ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ስሕተቱን የምትለቅም። ከአራት ዓመት በፊት የእሱ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ለኅትመት ሲገባ ስልሳ አንድ ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አርማ መለሰችለት። ሊጣላት መጥቶ በዚያው ቀረ። እናቱ፣ ባለ ትልቅ ግቢዋ ወይዘሮ፣ «የልብስ ሰፊ ልጅ ከእኔ ጋር ማዕድ ልትቀርብ ነው?» ብለው በሠርጉ ዕለት ጥቁር መነጽራቸውን ሳያወልቁ ዋሉ። ቢሆንም ተጋቡ።

እሷ አማኝ ናት። ጸሎት ሳታደርስ ከቤት አትወጣም፤ አውቶቡስ ሲዘገይባት እንኳ ከአምላኳ ጋር ታወራለች። እሱ በበኩሉ እግዚአብሔር የለም አይልም፤ አባቱ ተሠቃይተው ከሞቱበት ዓመት ጀምሮ ግን አያነጋግረውም። ከነፍሰ ጡርነቷ በፊት ይህ በመካከላቸው የቀልድ ርዕስ ነበር። «ሰላም በይልኝ» ይላታል ለጸሎት ስትነሣ። ያን ቀን በኮሪደሩ ግን ቀልዱ አበቃ።

ሐኪሙ ለማሰቢያ አንድ ሳምንት ሰጥቷቸው ነበር። ቀያሹ ሥራውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ሊመለስ ወደ መስክ ሄደ፤ ቦታው የአንድ ቀን መንገድ የሚነዳበት፣ ስልክ የማይሠራበት ሸለቆ ነው። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ አልትራሳውንዱን እያየ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ዛሬ መወሰን ሊኖርብሽ ነው። ለትንሿ የሚደርሰው ደም እየተቋረጠ ነው።»

ባሏ የለም። ስልኩ አይገኝም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ዐይኗን ጨፍና አጭር ጸሎት አደረሰች። ከዚያ የፈቃድ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ልማድ ሆኖባት ሁለት የፊደል ግድፈቶች ላይ በጥፍሯ ምልክት አደረገች፤ ፈረመች።

ልጆቹ በሠላሳኛው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ተወለዱ። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ትልቋ ሺህ አራት መቶ ሃያ ግራም፣ ትንሿ ስምንት መቶ ሰባ። አራሚዋ ይህን ሁሉ ጽፋ በየቅዳሜው ከመስክ ወደ ከተማ በሚመላለሰው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር እጅ ላከችለት። መልሱ በሳምንቱ መጣ።

«ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ብቻሽን ወስነሽ ብቻሽን ፈርመሻል። ሁለቱም በሕይወት በመኖራቸው ደስ ብሎኛል። ሥራው እንዳለቀ እመጣለሁ።»

አራት ዐረፍተ ነገር። አንድ የፊደል ስሕተት የለበትም። አራሚዋ ደጋግማ አነበበችው፤ «ውዴ» የሚል ቃል የሆነ ቦታ የወደቀ መስሏት ፈለገች። ከዚያ አጥፋ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

*

ያልደረሱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ይሞቃል። መስኮቱ አይከፈትም፤ የሚገባ ሰው እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። ሁለቱ ማሞቂያ ሣጥኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ አንዱ «መንታ 1»፣ ሌላው «መንታ 2» ይላል። አራሚዋ በመካከላቸው ባለች የፕላስቲክ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። በየሦስት ሰዓቱ ጡቷን ታልባለች፤ የክፍሉ ሲስተር ወተቱን በስሪንጅ ቀድታ በቀጭን ቱቦ ለልጆቹ ትሰጣለች። ለትንሿ የሚሰጣት የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

በክፍሉ ማንም በስሙ አይጠራም። እሷ «የመንታ እናት» ናት።

ትልቋ ምንም አላስቸገረችም። ወተቷን ትቀበላለች፣ ትተኛለች፣ አንዳንዴም ግንባሯን ቋጥራ ልክ እንደ አባቷ ፊቷን ታጠቁራለች። ትንሿ ግን መተንፈስ ትረሳለች። አፍንጫዋ ላይ የአየር መርጃ ተደርጎላት እንኳ፣ በቀን አምስቴ ስድስቴ፣ ደረቷ ድንገት ቀጥ ይላል። ሞኒተሩ ይጮኻል። ሲስተሯ ሮጣ መጥታ የእግሯን መዳፍ በጣቷ ጫፍ መታ መታ ታደርጋታለች።

«ኧረ ተንፍሺ እናቴ! ሥራ አለብኝ እኮ! አንቺን ብቻ ሳስታውስሽ ልዋል?»

ትንሿ ነገሩ ትዝ እንዳላት ሁሉ ትተነፍሳለች። እናቷም አብራ ትተነፍሳለች።

አራሚዋ አንድ እጇን በአንዱ ማሞቂያ፣ ሌላውን በሌላው አስገብታ ትጸልያለች። መጀመሪያ ላይ ለሁለቱም እኩል ነበር። ቀኑ እየሄደ ሲመጣ ግን ጸሎቱ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ለትልቋ «ተመስገን» ብላ ታልፋለች። ለትንሿ «ማርልኝ፣ ተውልኝ፣ አደራህን» እያለች ልብሷ በላብ እስኪርስ ትለምናለች። ይህን ያስተዋለችው በኋላ ነው። ያኔ ማን ያስተውላል?

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እጇን ታጥባ ስትገባ ሲስተሯ አፏ እስከ ጆሮዋ ተከፍቶ ጠበቀቻት።

«የመንታ እናት፣ ነይ እዪ! ሌሊቱን ከመሣሪያው አውጥተናታል። በራሷ ነው የምትተነፍሰው። አረፈች።»

እውነትም አርፋለች። ለአሥራ ስድስት ቀን ከአየር ጋር ስትታገል የከረመች ደረት ቀስ ብላ ትወጣለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ፊቷ ላይ የነበረው ፕላስተር ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ሙሉ በሙሉ ታየ። አራሚዋ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች።

ከበሩ ውጭ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ክላክስ ያሰማል። ሾፌሩ ቸኩሏል። አራሚዋ አንድ ቁራጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሲስተሯ ያለቻትን ቃል እንዳለ ገልብጣ ጻፈች፤

«ትንሿ ዛሬ አረፈች። ተመስገን። ትልቋ ደህና ናት። አሁን እንግዲህ አትጨነቅ፤ ሥራህን ጨርሰህ ና።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደራሲዎች ረቂቅ ጠርዝ ላይ «ይህ ቃል ሁለት ትርጉም ይሰጣልና ይታሰብበት» ስትል የኖረች ሴት የገዛ ደብዳቤዋን ሳትደግመው አጠፈችው። ደስ ብሏት ነበር። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

*

ቀያሹ ወረቀቱን ያነበበው እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነው። አንድ ጊዜ አነበበው። የቅየሳ መሣሪያውን ከነሦስት እግር ማቆሚያው መሬት ላይ አጋደመ፤ እሱም አጠገቡ ተቀመጠ። ሠራተኞቹ የደከመው መስሏቸው ውሃ አመጡለት። ያን ሰዓት በልቡ የመጣውን ነገር ለማንም አልነገረም፤ ለራሱ እንኳ ደግሞ ሊያስበው አልደፈረም። ከድንኳኑ ጀርባ ሄዶ ለብቻው አለቀሰ። ከዚያ ጻፈ።

«ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ልጄን አንድ ቀን ሳላያት ቀበርሻት። ደግሞ ተመስገን ትያለሽ። እኔ እንዲህ ማለት አልችልም፤ አምላክሽ ይህን አድርጎ ምስጋና የሚጠብቅ ከሆነ ከእኔ አያገኝም። ሥራህን ጨርሰህ ና ብለሻል። ገብቶኛል፤ ፊቴን ማየት አትፈልጊም። እንዳልሽው ይሁን። ትልቋን ጠብቂልኝ፤ እሷ ብቻ ናት የቀረችን። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ትንሿ ምን ዓይነት ኮፍያ ነበር ያደረገችው? ሳስባት የማየው ነገር ቢኖረኝ ብዬ ነው።»

አራሚዋ ይህን ያነበበችው በሳምንቱ ቅዳሜ፣ በሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ሾፌሩ እንደ ወትሮው «የፍቅር ፖስታ ቤት ነው!» እያለ ቀልዶባት መልስ እስክትጽፍ መኪናው ውስጥ ሊያንጎላጅ ገባ። ከወሊድ ወዲህ ሁለተኛው ደብዳቤው ነው፤ ለምሥራቹ የምሥራች ስትጠብቅ «ቀበርሻት» የሚለው ላይ ደረሰች። ያበደ መሰላት። ሁለተኛ ስታነበው የራሷ ቃል ትዝ አላት።

አረፈች።

ክው አለች። በሕይወት ያለች ልጇን መርዶ በአባቷ የእጅ ጽሑፍ ይዛ ተቀምጣለች። ተነሥታ ሮጠች። እጇን በቅጡ ሳትታጠብ ልትገባ ስትል ሲስተሯ ጮኸችባት፤ ተመልሳ ታጠበች፤ ገባች። ትንሿ አለች። ቢጫ ኮፍያዋ ዐይኗ ላይ ወርዶባት ትተነፍሳለች። አራሚዋ መስተዋቱ ላይ ተደፍታ ትንፋሿን መቁጠር ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወዲያው ልትጽፍለት፣ «አለችልህ እኮ፣ አንተ ሞኝ!» ልትለው፣ እስክሪብቶዋን ከኪሷ አወጣች።

«የመንታ እናት» አለች ሲስተሯ ከጀርባዋ። ድምፅዋ ተለውጧል። «ትልቋ የጠዋት ወተቷን አልፈለገችም። ሆዷም ትንሽ ነፋ ብሏል። ሐኪሙን ጠርቻለሁ።»

አራሚዋ ዞር አለች። ለስንት ቀን ጀርባዋን ለትልቋ ሰጥታ ቆይታ ኖሯል?

ያን ቀን ደብዳቤ አልተጻፈም። ሾፌሩ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። የትልቋ አንጀት ተመርዟል አሉ፤ ካለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ የሚደርስ ነገር ነው አሉ፤ በደህናዋም ላይ ይደርሳል አሉ። ወተቱን አቋርጠው መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት። እሑድ የተሻላት መሰለች። ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ በማይከፈተው መስኮት ገብቶ ወለሉን ሞልቶት ሳለ፣ እናቷ ጣቷን ይዛላት ሳለ ትልቋ ሞተች።

አማቷ መጡ። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። ጥቁር መነጽራቸውን አላደረጉም። «ነግሬሽ ነበር» ይሉኛል ብላ አራሚዋ ጠበቀች። ልጃቸው ያለውን ያውቃሉና፣ «ብትታገሺ ኖሮ ትልቋ ትተርፍ ነበር» የሚሏት መስሏት አንገቷን ደፋች። ወይዘሮዋ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ውሃ ጠጪ» አሏት።

በሦስት ዓመት ውስጥ «ልጄ» ሲሏት የመጀመሪያቸው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ያቺን አጭር የእንጨት ሣጥን ጭናቸው ላይ አድርገው በመኪናቸው እስከ መቃብሩ ወሰዷት፤ ለማንም አላስያዙም። አራሚዋ አፈሩ ሲመለስ እያየች ልትጸልይ ሞከረች። ምንም አልመጣላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረው ያ ድምፅ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ እንኳ የምታወራው፣ ጸጥ አለ። ከልጇ ሞት ቀጥሎ ያስፈራት ይህ ጸጥታ ነበር።

*

በሳምንቱ ሾፌሩ ሲመጣ ደብዳቤ የለም። አራሚዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ሦስት ጊዜ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ ተነሥታለች፤ ከየትኛው ልጅ እንደምትጀምር አላወቀችም። ለሾፌሩ ወሬውን የነገረው የበሩ ዘበኛ ነው።

«ከመንታዎቹ አንዷ ሞታባታለች እኮ፣ አልሰማህም?»

ሾፌሩ እሑድ መስክ ደርሶ ከመኪናው ሳይወርድ ቀያሹን ጠራው። ነገሩን እንዴት እንደሚያወጣው ጨንቆት ነበር።

«ጌታው… ከልጆችህ አንዷ…»

«አውቃለሁ» አለ ቀያሹ። «ከሰማሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

ሾፌሩ አፍጥጦ አየው። «ሰምተህ ነው እዚህ ተገትረህ ድንጋይ የምትለካው?» አለ። «እኔ እንጃልህ! ሰው ነህ አንተ? ሚስትህ አጥንቷ ወጥቷል። ግባ! ግባ መኪናው ውስጥ! አለቃህን እኔ አነጋግርልሃለሁ!»

ቀያሹ ጨርቄን ማቄን ሳይል ገባ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሲስተሯ ጋውን ያለበሰችው ሰው ፂሙ ያደገ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። እጁን እስከ ክርኑ ሁለት ጊዜ ታጠበ።

«የመንታ እናት፣ ባለቤትሽ መጥቷል።»

አራሚዋ ከዱካዋ ላይ ቀና አለች። ዐይን ለዐይን ተያዩ። እሱ ፊቷ እንዴት እንደከሳ አየ፤ እሷ የለበሰውን ጥቁር አየች። የትልቋን ሞት ያወቀ መሰላት። ማን ነገረው ብላ አልጠየቀችም፤ ትከሻዋ ላይ የነበረው ሸክም ግማሹ የወረደላት መሰላት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። እንደ ባዕድ ሰው ነው ያላት።

«አንተንም» አለችው።

ወደ ማሞቂያው ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለ። ለረጅም ጊዜ አየ። በገዛ ዐይኑ ልጁን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«እንዴት ታንሳለች!» አለ ድምፁ እየተሰበረ። «ትልቋ እያልሽ ስትጽፊልኝ እኔ እኮ… እንዲህ ታንሳለች አላልኩም።»

አራሚዋ ወደ እሱ ዞረች። አፏን ልትከፍት ስትል የእሱ ዐይን ፕላስተሩ ላይ አረፈ።

«ሁለት ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«ሣጥኑን ቀየሩላት?»

«አልቀየሩም።»

«ትንሿ አይደለችም እንዴ ሁለት? አረፈች ብለሽ ጽፈሽልኛል። በእጅሽ!»

«ከመሣሪያው ወጥታ፣ ተረጋግታ ተኛች ማለቴ ነው። ዕረፍት ነው ያልኩህ። ስሕተቱ የእኔ ነው። ሞት አላልኩህም።»

ፊቱ በራ። አራሚዋ ይህን ፊት ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። በሁለት ሳምንት ሐዘን የጠቆረው ፊት ባንዴ ወገግ አለ፤ ጥርሱ ታየ፤ እጁ ተዘረጋ።

«አለች? ይህች ትንሿ ናት? በሕይወት አለች? እና ሁለቱም…»

ዞሮ ሌላውን ማሞቂያ ፈለገ። በቦታው ባዶ ወለል አለ። ሣጥኑ ቆሞ በነበረበት ቦታ አራት የጎማ ምልክት ይታያል።

«ትልቋ የታለች?»

አራሚዋ ተነሣች። ብዙ ቃል ነበራት፤ ሰው በሐዘን ጊዜ የሚያለሳልስባቸውን ቃላት ሁሉ ታውቃለች። አንዱንም አላነሣችም።

«ትልቋ ሞተች። ባለፈው ሰኞ። ሞተች፤ ቀበርናት።»

ቀያሹ በቀስታ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ ዱካዋ ላይ ተቀመጠ። ሞኒተሩ ይንጫጫል። ሲስተሯ ወደ ሌላኛው ጥግ ሄደች።

«በል በለኝ» አለች አራሚዋ። ድምፅዋ ደርቋል። «ነግሬሽ ነበር በለኝ። ብትታገሺ ትልቋ ጠንክራ ትወለድ ነበር በለኝ። አምላክሽ ሒሳብ አያውቅም በለኝ። ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። እኔ ለራሴ ብዬዋለሁ፤ አንተም በለውና ይውጣልን።»

«አልልም።»

«በለው!»

«አልልም፤ አፍ የለኝም» አለ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ የሚናገረው ለወለሉ ነው። «ያን ደብዳቤ ያነበብኩ ቀን… ትንሿ ሞተች ብዬ ባነበብኩ ሰዓት… መጀመሪያ ያልኩት ምን መሰለሽ? እፎይ ነው ያልኩት። ትልቋ ተረፈች፣ ያንን ጉድ አለፍነው፣ እፎይ። ልቅሶው በኋላ ነው የመጣው። በገዛ ልጄ ሞት እፎይ አልኩ። አልመጣሁም እኮ! አንቺ አትምጣ ስላልሽኝ አይደለም። በዚህ ፊቴ አንቺን ማየት ፈርቼ ነው።»

አራሚዋ ቆማ አየችው። ጥላው መውጣት አማራት፤ በጥፊ ልትመታው፣ ልትጮህበትም ቃጣት። ትንሿን አየች፤ ይህ ሰው እፎይ ያለባትን። ከዚያም የራሷ ጀርባ ትዝ አላት፤ ለስንት ቀን ወደ ትልቋ ዞሮ የነበረው ጀርባ። ሁለቱም አንዷን ይዘው ሌላዋን ትተዋል። የትኛቸው በየትኛቸው ላይ ይፍረድ?

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ላቋርጣችሁ» አለች ሲስተሯ ቀስ ብላ መጥታ። «የልጅቷ የእቅፍ ሰዓት ደርሷል። በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ገላ ለገላ ደረት ላይ ትቆያለች፤ ያሳድጋታል። አንቺ ዛሬ ትኩሳት አለብሽ፤ አልሰጥሽም። አባትየው ሸሚዝህን ክፈት።»

«እኔ?» አለ ቀያሹ ደንግጦ። «አይ፣ እኔ… ለእኔ አይገባም።»

«የሚገባት እሷ ናት» አለች ሚስቱ። «ክፈት ሸሚዝህን።»

ጥቁሩን ሸሚዝ ራሷ ፈታችለት፤ እሱ ቁልፉን መያዝ አቅቶት ነበር። ሲስተሯ ትንሿን ከእነ ቱቦዋ አንሥታ ደረቱ ላይ አስቀመጠቻት፣ በብርድ ልብስ ሸፈነቻት። ቀያሹ ትንፋሹን ዋጠ። ክብደቷ አይታወቀውም፤ ሙቀቷ ብቻ ነው የሚሰማው። ትንሿ ጉንጯን አንድ ሁለቴ አሻሽታ ቦታዋን አገኘችና ተኛች። እሱ ዐይኑ እንባ ሞልቶ፣ እንዳይነቀንቃት እየፈራ፣ ሳይንሰቀሰቅ አለቀሰ። እንባው በጢሙ ላይ ወርዶ ኮፍያዋን አረጠበው።

«አጽናኝ ቃል ቢኖርሽ…» አለ በሹክሹክታ። «እኔን ጸልይ በይኝ አላልኩሽም። አንቺ ጸልዪልን።»

«ጠፍቶብኛል» አለችው። «ከቀበርናት ጀምሮ አልጸለይኩም። የማውቀው ሁሉ አፌ ላይ ውሸት ይሆንብኛል።»

«እንግዲያው እውነቱን ንገሪው።»

አራሚዋ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። መዳፏን በብርድ ልብሱ ላይ፣ በትንሿ ጀርባ ላይ አኖረች። ስትጀምር ድምፅዋ የጸሎት ድምፅ አልነበረም፤ ጎረቤቷን ደጃፍ ላይ ቆማ የምትወቅስ ሴት ድምፅ ነበር።

«አምላኬ፣ ተቀይሜሃለሁ። ሁለት ሰጥተኸኝ አንዷን ወሰድክብኝ። ያልለመንኩህን ለይተህ ወሰድክ። ለትልቋ ያልለመንኩህ እኮ ደህና ናት ብዬ ነው፤ አንተ ግን ታውቅ ነበር። ልተውህ አስቤ ነበር። የምሄድበት ሌላ ደጅ አጣሁ። እንግዲህ እንደተቀየምኩህ ያንተው ነኝ። ትልቋን ያዝልኝ፤ እኔ ያጎደልኩባትን አንተ ሙላላት። ይህችን ደግሞ አትንካብኝ። እባክህ አትንካብኝ።»

«አሜን» አለ ቀያሹ።

በሦስት ዓመት ትዳራቸው ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ነገር ግን ግንባሯ ትከሻው ላይ ወደቀ፣ ለትልቋ አለቀሰች፤ ልጇ ከሞተች ጀምሮ ገና አሁን ማልቀሷ ነው።